የጦር መሣሪያን በአደባባይ መያዝ፦ ልማዱ፣ ሕጉ እና ክርክሩ

በምዕራባዊው ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች፣ ከመካነ ሰላም እስከ ሳይንት፣ ከወግዲ እስከ ከላላ፣ ጠመንጃ ከሞፈርና ከቀንበር እኩል የአባወራ ንብረት ሆኖ ኖሯል። አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ በሬ ተሽጦ ይገዛል፤ በሠርግና በለቅሶም ይዞት የሚወጣ አለ። ይሁን እንጂ በትከሻ የተነገተ ጠመንጃም ሆነ በወገብ የተታጠቀ ሽጉጥ በገበያና በመናኸሪያ መካከል ሲታይ የሚያስነሣው ጥያቄ እስካሁን እልባት አላገኘም። ዜጋ መሣሪያውን በግልጽ ይዞ በአደባባይ መንቀሳቀስ ሊፈቀድለት ይገባልን?

ልማዱ ከየት መጣ?

በቀደመው ዘመን ሀገሪቱ በመደበኛ ደመወዝ የሚተዳደር ብዙ ሠራዊት አልነበራትም። ክተት ሲታወጅ ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ፣ ያለውን መሣሪያ ይዞ ይዘምት ነበር። ለዐድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተሰበሰበባቸው ቦታዎች አንዱ በዚሁ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ወረኢሉ ነው። ውጅግራ፣ ሰናድርና ምንሽር የሚባሉት የጠመንጃ ስሞች በሕዝቡ አንደበት የቀሩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የጣሊያን ወረራም አርበኛው የተዋጋው በአብዛኛው በራሱ መሣሪያና ከጠላት በማረከው ነበር። በመሆኑም ለብዙ የገጠር ነዋሪ ጠመንጃ የክብርና የነፃነት ምልክት ሆኖ ይታያል። ዛሬ ግን ምንሽሩ ቦታውን በአብዛኛው ለክላሽንኮቭ ለቋል፤ የጉዳቱ መጠንም በዚያው ልክ ጨምሯል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሣሪያ የመያዝ መብት የሚባል አንቀጽ የለውም። እንዲያውም አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት ያለው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም ሲሆን እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ በስብሰባና በሰልፍ ላይ ታጥቆ መገኘት የሕገ መንግሥት ከለላ የለውም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አስተሳስሯል። ግለሰብ ሊይዛቸው የማይችሉ የመሣሪያ ዓይነቶችን ይለያል፤ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ ሰው ፈቃድ አይሰጥም፤ የቁጥጥሩን ኃላፊነትም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። በሌላ በኩል የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ይህ ግን ሕገ ወጥ ጥቃትን በሌላ መንገድ ማስቀረት በማይቻልበት ጊዜና ከአደጋው ጋር በተመጣጠነ መንገድ ብቻ የሚሠራ ነው። ሸሽቶ በሚሄድ ሌባ ላይ መተኮስ ወይም ለቆየ ቂም መበቀል በዚህ አንቀጽ ሊሸፈን አይችልም።

ይፈቀድ የሚሉ ወገኖች

የመጀመሪያው መከራከሪያ ርቀት ነው። በዓባይ ሸለቆ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ሌሊት በረቱ ሲሰበር ፖሊስ ጠርቶ በቶሎ ሊደረስለት አይችልም። ከብቱ ሲነዳበት የቤተሰቡ የዓመት ጉልበት አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው መከራከሪያ ፍትሐዊነትን ይመለከታል። ሕግ አክባሪው ትጥቁን ሲፈታ ዘራፊው አይፈታም፤ አንዱ ቀበሌ ፈትቶ አጎራባቹ ካልፈታም የፈታው ለጥቃት ይጋለጣል ይላሉ። ሦስተኛው፣ በግልጽ የተያዘ መሣሪያ ከተደበቀ ሽጉጥ ይሻላል፤ ባለቤቱ ይታወቃልና የሚል ነው።

አይፈቀድ የሚሉ ወገኖች

ተቃዋሚዎች በበኩላቸው መሣሪያ ለመከላከል ተገዝቶ ለጠብ እንደሚውል ያስረዳሉ። የወሰን ክርክር፣ የመጠጥ ቤት ንግግር፣ የቆየ ቂም በዱላ ቢሆን በቁስል ሊያበቃ የሚችለው በጥይት ሲሆን በሞት ይዘጋል። አንድ ሞት ደግሞ የደም መላሽን ይጠራል። በወሎ አበጋሮችና የሀገር ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ብዙ ይደክማሉ፤ ነገር ግን ለካሣና ለዕርቅ የሚጠፋው ጊዜና ሀብት ከሁለቱም ቤተሰብ ጎተራ የሚወጣ ነው።

የደስታ ተኩስም ሌላው ችግር ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም ሰው ለመግደል የሚበቃ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል። በከተማ ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ደግሞ ፖሊስ ጠባቂውን ከአጥቂው በመልክ ብቻ ሊለይ አይችልም።

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ይህን ሥጋት አክብዶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ለ6 ወራት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለተጨማሪ 4 ወራት ተራዝሞ ነበር። ውጊያ ባለበት አካባቢ መሣሪያ ይዞ መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ሐሳቡ ከብቱን መጠበቅ ብቻ ቢሆንም፣ እንደ ተዋጊ ሊቆጠር ይችላል። ሊጠብቀው የያዘው ጠመንጃ ለራሱ አደጋ ይሆንበታል ማለት ነው።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

በአሜሪካ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን መብት ያደርገዋል፤ በብዙ ግዛቶችም ሽጉጥን በግልጽ ታጥቆ መሄድ ይፈቀዳል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ መታጠቅም የመብቱ አካል ነው ሲል ወስኗል። አውስትራሊያ ግን በ1996 እ.ኤ.አ. በፖርት አርተር 35 ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ ሕጓን አጥብቃ፣ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያዎችን ከባለቤቶቻቸው ገዝታ አስወግዳለች። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ደግሞ አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች በሲቪል ሰዎች እጅ እንዳይገኙ አባል ሀገሮች እንዲከለክሉ ይጠይቃል።

የክርክሩ ቁልፍ

ሁለቱን ወገኖች የሚያቀራርበው ነጥብ መሣሪያ በቤት መኖሩንና በአደባባይ መያዙን ለይቶ ማየት ነው። ገበሬው በረቱን የሚጠብቅበት ጠመንጃ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አያስፈልገውም። የከተማው ነዋሪም የሚፈራው በሩቅ ቤት የተቀመጠውን ሳይሆን በአጠገቡ የተነገተውን ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው መሣሪያውን አስቀምጦ የሚወጣው መንገዱ ሰላም መሆኑን ሲያምን ነው። መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠብቅ ፖሊስ፣ ፈጥኖ የሚፈርድ ፍርድ ቤት እና ለሁሉም እኩል የሚሠራ ምዝገባ አብረው ሊኖሩ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ መሣሪያ ያለው ሰው ፈቃዱን ማሳደስ፣ መሣሪያውን ከጥይቱ ለይቶ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ለሌላ ሰው አለማዋስ፣ ሲጠፋም ወዲያውኑ ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ይዞት ከመንቀሳቀሱ በፊትም በአካባቢው ምን እንደተፈቀደ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ከእስርም ከሞትም ያድናል።