ስምንቱ ሐሳቦች እንዴት ሰባት ኃጢአቶች ሆኑ?

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ኃጢአት በሦስት መንገድ ይሠራል ይባላል፤ በኃልዮ፣ በነቢብና በገቢር። በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ማለት ነው። በእጅ የተሠራው ምስክር አያጣም፤ በአፍ የተነገረውም ሰሚ አለው። በልብ የታሰበውን ግን ማን ያየዋል? ሰውስ ሳይጠራው ለመጣበት ሐሳብ እንዴት ተጠያቂ ይሆናል? ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት ጥንታውያን ክርስቲያኖች አንዱ በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዋግርዮስ በ345 ገደማ በጥቁር ባሕር አጠገብ በሚገኘው በጳንጦስ አገር ተወለደ። ታላቁ ባስልዮስ አናጉንስጢስ አድርጎ ሾመው፤ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ዲቁና ሰጠው። በ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ሲካሄድ በዚያው ከተማ ነበረ፤ በክርክር ችሎታውም ስሙ ተጠራ። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ጳላድዮስ እንደጻፈው፣ ይህ አንደበተ ርቱዕ ዲያቆን በአንድ ታላቅ ባለሥልጣን ሚስት ፍቅር ተያዘ፤ እሷም ወደደችው። አንድ ሌሊት ግን ታስሮ ለፍርድ ሲቀርብ በሕልሙ አየ፤ በሕልሙም ከተማዋን ለቅቆ ሊሄድ በወንጌል ማለ። ሲነቃ መሐላውን አክብሮ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ።

ከከተማ መውጣት ግን ከሐሳብ መውጣት አልሆነለትም። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላ ቆራጥነቱ ላላ፤ ወደ ልብስ ማማሩና ወደ ቀድሞ ኩራቱ ተመለሰ። ከዚያም ትኩሳት ያዘውና ስድስት ወር ተኛ። ሐኪሞች መላ ባጡ ጊዜ፣ በዚያ ገዳም መሥርታ የምትኖረው ሮማዊት እመቤት ሜላንያ ሕመሙ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥራ በልቡ ያለውን እንዲነግራት ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት፤ እንደሚመንኩስም ቃል ገባላት። ከሕመሙም ተነሣ። በ383 ገደማ ወደ ግብፅ ወርዶ ሁለት ዓመት በኒጥርያ፣ 14 ዓመት ደግሞ በኬልያ ኖረ። የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው መጻሕፍት እየገለበጠ ነበር።

በዚያ በረሃ የሚፈታተን ወይዘሮም፣ የሚያጨበጭብ ጉባኤም የለም። የቀረው ሐሳብ ብቻ ነው። ኤዋግርዮስ መነኮሳትን የሚያውኩትን ሐሳቦች መርምሮ በስምንት መደባቸው፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት። ከእነዚህ መካከል ለከተማ ሰው እንግዳ የማይሆነው ስልቹነት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የቆመች ይመስላል። መነኩሴው በመስኮት አሻግሮ ያያል፤ የምግብ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ሰማዩን ይለካል፤ በሥራውም በቦታውም ይማረራል፤ ወንድሞቹ ፍቅር እንደሌላቸው ይታየዋል፤ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኛል ይላል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ያለው ግን በዝርዝሩ ላይ አይደለም። ኤዋግርዮስ፣ ሐሳቦቹ መጡ አልመጡ የሚለው በእጃችን እንዳልሆነ፣ በልባችን መቆየት አለመቆየታቸው ግን በእጃችን እንደሆነ አስተማረ። የመጣ ሐሳብ ገና ኃጢአት አይደለም፤ ደጅ የቆመ እንግዳ ነው። ተቀብሎ ወንበር የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው። ስለዚህ መነኩሴው የትኛው ሐሳብ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ነቅቶ እንዲመለከት መከረ። ለምሳሌ ሆዱን ያሸነፈ ሰው በጾሙ መመካት ሲጀምር ውዳሴ ከንቱ በሌላ በር ገብቷል ማለት ነው። ለየሐሳቡ መልስ የሚሆኑ ከ480 በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችንም በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። ንስሐን የሚያመለክተው የግሪክ ቃል «ሜታኖያ»ም በጥሬው የአስተሳሰብ መለወጥ ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ወደ ምዕራቡ ዓለም ያሻገረው በግብፅ ገዳማት የቆየው ዮሐንስ ካስያኖስ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስምንቱን ሐሳቦች በላቲን ጻፋቸው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን አሻሻለ፤ ትዕቢትን የሁሉ ሥር ብሎ ለይቶ፣ ቅናትን ጨምሮ ሰባት አደረገው። በ1215 የላተራን ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ ከደነገገ በኋላ፣ ሰባቱ በካህናት የኑዛዜ መመሪያዎች ውስጥ የመጠየቂያ ዝርዝር ሆኑ። በዚህ ጉዞ የጠፋው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ገና ደጅ ሳለ የሚጠብቀው ዘበኛ ቀርቶ፣ ከተሠራ በኋላ የሚቆጥረው ዳኛ ተተካ።

የኤዋግርዮስ የራሱ ዕጣም አሳዛኝ ነው። በ399 አረፈ። በማግስቱ ዓመት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ የአርጌንስ ተከታዮች ናችሁ ብሎ ወዳጆቹን መነኮሳት ከበረሃው አሳደደ። በ553 ደግሞ ከቁስጥንጥንያው ጉባኤ ጋር በተያያዘ የኤዋግርዮስ ትምህርት ከአርጌንስ ጋር ተወገዘ። ሐሳብን መጠበቅ ያስተማረው ሰው በሐሳቡ ተፈረደበት። አንዳንድ ጽሑፎቹ የተረፉት አባ ኒሎስ በተባለ ሌላ መነኩሴ ስም ነው፤ ሌሎቹን ሶርያውያንና አርመኖች በየቋንቋቸው አቆዩአቸው።

በሶርያ ቋንቋ ካነበቡት አንዱ በ7ኛው መቶ ዓመት የኖረው የነነዌው ይስሐቅ ነበር። ብዙ ነገር ከእሱ ወሰደ። ይህ ይስሐቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ መጽሐፈ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት መካከል የመጀመሪያው የእሱ ነው፤ ማር ይስሐቅ ይባላል፤ ቀጥሎ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይመጣሉ። ሊቃውንቶቻችን በአማርኛ አንድምታ እየተረጎሙ ለዘመናት አስተምረውታል። በየገዳማችን ማር ይስሐቅን የተማረ መነኩሴ የኤዋግርዮስን ስም ላይሰማ ይችላል። ሐሳቡ ሲመጣ ግን ወንበር ከመስጠቱ በፊት ደጅ ላይ አቁሞ ማንነቱን መጠየቅን ተምሯል።