ከሕሙማን ተነሥቶ የተሰላ አደጋ

እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የለንደን ሆስፒታሎችን ሕሙማን ስለ ትምባሆ ልማዳቸው አስጠይቀው ውጤቱን አሳተሙ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ካንሰር ከሌለባቸው 649 ወንዶች ግን 27 ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ አጫሾቹ 99.7 እና 95.8 ስለሚሆኑ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ መቶኛን ብቻ የለመደ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየወገኑ አጫሾቹን ላላጨሱት፣ ማለትም 647ን ለ2፣ 622ንም ለ27 አካፍለን፣ የፊተኛውን ድርሻ ለኋለኛው ብናካፍል የዕድል ጥምርታው 14 ያህል ይሆናል። ጄሮም ኮርንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳስረዳው፣ በሽታው በሕዝቡ ዘንድ እምብዛም የማያጋጥም እስከ ሆነ ድረስ ይህ ቁጥር አጫሹ ከማያጨሰው ስንት እጥፍ ለሕመሙ እንደ ተጋለጠ በግምት ያመለክታል። ይህ ባይሆን ኖሮ አደጋውን ለመለካት ጤነኛ አጫሾች እስኪታመሙ ዓመታት መጠበቅ ግድ በሆነ ነበር።