ቦርጫሙ ቀብር አስፈጻሚ

እ.ኤ.አ. በ1862 የለንደኑ ቀብር አስፈጻሚ ዊልያም ባንቲንግ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት ነበር። ደረጃ የሚወርደው የኋሊት ነው። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ገደማ። ቤተሰቡ የነገሥታትን ቀብር ሳይቀር የሚያሰናዳ ድርጅት ስለነበረው ለሐኪም የሚከፍለው አላጣም፤ ያጣው የሚበጅ ምክር ነው።

ስፖርት ሞክሯል። ማለዳ ማለዳ ጀልባ ቀዘፈ፤ ጡንቻው ሲጠነክር የምግብ ፍላጎቱም ተከፈተና ጭራሽ ወፈረ። የእንፋሎት መታጠቢያም እምብዛም አልፈየደለትም።

መፍትሔው ባልታሰበ በኩል መጣ። መስማት እየከበደው ሲሄድ ዊልያም ሃርቪ ወደተባለ የጆሮ ሐኪም ጎራ አለ። ሃርቪ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር ፓሪስ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ ያስተማረውን ሰምቶ ስለነበር ችግሩን ከውፍረቱ ጋር አያያዘው። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ከለከለው፤ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት ፈቀደለት። ዳቦው ጨርሶ አልቀረም፤ ጥቂት የተጠበሰ ቁራሽ ነበረችው። ወይንም ተፈቅዷል፣ ለዚያውም በምሳ ሁለት ሦስት ብርጭቆ! የዛሬ ሐኪም ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 21 ኪሎ ቀነሰ፤ መስማቱም ተሻለው።

በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ መጀመሪያ በነጻ አደለ። ፈላጊው ሲበዛ ለሽያጭ አቀረበው። ሐኪሞች ግን ተቆጡ፤ ግማሹ ቁጣ ስለ ሥጋው ብዛት፣ ግማሹ ደግሞ ሕክምና ያልተማረ ሰው ስለ ሕክምና መጻፉ ይመስላል። ባንቲንግ በ1878 ሲሞት 81 ዓመቱ ነበር።