ጥሬ ወተት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ጥሬ ወተት ታልቦ ያልተፈላ፣ በፓስቸራይዜሽንም ያላለፈ ወተት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታለበው አብዛኛው ከታለበበት ቤት ሳይወጣ ይጠጣል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ፋብሪካ ገብቶ ታሽጎ የሚሸጠው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አሜሪካ ጥሬ ወተት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ተሻግሮ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ከልክላለች፤ ስኮትላንድም ሽያጩን በ1983 አግዳለች። በመካነ ሰላም ዙሪያ ግን ክርክሩ የክልከላ ጉዳይ አይደለም። ለገጠሩ ቤት የታሸገ ወተት አማራጭ ስላልሆነ ጥያቄው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው፦ ይፈላ ወይስ አይፈላ?

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል ይደረስባታል፤ ከደጋው ማዶ የዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በከለላ ከብት የሚረባው ከእርሻው ጋር ነው። ያገሬው ላም በቀን ከሁለት ሊትር ብዙም አትዘልም፤ ከእሱም ጥጃው ድርሻ አለው። ልጆች ከቀመሱት የተረፈው ተጠራቅሞ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ገበያ ይወጣል፣ አሬራው እሳት ላይ ሞቆ አይብና አጓት ይለያል። በብዙ የደጋ ገጠር ትኩስ ወተት መሸጥ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል፤ ቅቤ መሸጥ ግን ነውር ሆኖ አያውቅም። በክርስቲያኑ ቤት የጾም ወራት ሲገባም ወተቱን ወደ ቅቤ መለወጥ ከብክነት ያድናል።

የወተት ዕቃ አያያዙ የሴቶች እውቀት ነው። ቅሉ ወይም ገንቦው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ብሎ መናቅ ስህተት ነው። ጭሱ ዕቃው ላይ የቀሩትን ተህዋስያን ይቀንሳል፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ መዓዛም ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከላሟ ጡት ከወተቱ ጋር የመጣውን በሽታ ጭስ አያጠፋም። የወተቱ መኮምጠጥም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ማይክሮባዮሎጂስት ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በእርጎና በአይብ ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች አንዳንድ አደገኛ ባክቴሪያዎች የእርጎን ኮምጣጣነት ተቋቁመው እንደሚቆዩ አሳይተዋል።

ከወተት ወለድ በሽታዎች ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈው ብሩሴሎሲስ ነው። ላሟን ያስወርዳታል። ሰውን በትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ያሰቃያል፤ ምልክቱ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚመሳሰል በሌላ በሽታ ስም ይታከማል። ተህዋሱን ዴቪድ ብሩስ በ1887 እ.ኤ.አ. ማልታ ደሴት ላይ አገኘው፤ ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑን ግን ቴሚስቶክልስ ዛሚት የደረሰበት በ1905 ነው። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝ ወታደሮች የፍየል ወተት መጠጣት ሲያቆሙ በሽታው ከጦር ሰፈሩ ፈጥኖ ቀነሰ።

የከብት ቲቢ ታሪክ ይበልጥ ያወዛግባል። የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1901 ሎንዶን ላይ የከብቱ ቲቢ ለሰው ብዙም አያሰጋም ብሎ ተናገረ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን አሥር ዓመት መርምሮ ተቃራኒውን አረጋገጠ። በኢትዮጵያ የንፍፊት ቲቢ መብዛቱ ለረጅም ጊዜ በጥሬ ወተት ሲመካኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ግን ከሕሙማን ከተወሰዱ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ናሙናዎች የከብቱን ዓይነት ያገኘው በአራቱ ብቻ ነው። ይህ ያገሬው ላም ባላቸው ቤቶች ዘንድ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሽታው በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ዙሪያ በረት ተዘግቶባቸው በሚረቡት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች ላይ ነው። ስለዚህ ዲቃላ ላም ወደ ደጋው ከተሞች በገባ ቁጥር የትናንቱ ልምድ የዛሬን ወተት ደኅንነት አይመሰክርም።

እናቶች ወተት ለማፍላት የሚያመነቱት በቸልተኝነት አይደለም። ሙቀቱ የሚያኮመጥጡትን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል የፈላ ወተት እንደ ወትሮው በራሱ እርጎ አይሆንም፤ እርጎ ከሌለ ቅቤ የለም፣ ቅቤ ከሌለ የገበያ ገንዘብ የለም። ማገዶና ኩበትም ዋጋ አላቸው። አፍልቶና አቀዝቅዞ የቀደመ እርጎ ጠብ ማድረግ ያረጋዋል፤ እርሾው ራሱ ከጥሬ ወተት የመጣ ከሆነ ግን የሸሹት አደጋ በማንኪያው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ የሚሰጠውን ወተት ለይቶ ማፍላት ከሁሉ በፊት ሊለመድ የሚገባው ነው። ማፍላት ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን አያጠፋም፤ የሚቀንሰው ጥቂት ቫይታሚን ነው።

ሽያጭ ሲጀመር አደጋው ይሰፋል። የብዙ ቤት ወተት በአንድ ዕቃ ሲቀላቀል የአንዲት የታመመች ላም ወተት ለሁሉም ይደርሳል። የአዲስ አበባ ዘመናዊ የወተት ንግድ መነሻ በ1947 እ.ኤ.አ. በእርዳታ የገቡት 300 የወተት ላሞች ናቸው፤ በኋላ የሾላ ፋብሪካ ተከተለ። ምግብን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥርን ይደነግጋል፤ ለጥሬ ወተትም ብሔራዊ ደረጃ አለ። ሰብሳቢው እጅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ላክቶሜትር ነው፤ እሱም ውሃ መቀላቀሉን ይጠቁማል እንጂ የብሩሴሎሲስን ተህዋስ አያሳይም።

እሳት የማይደርስበት ችግርም አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቶባቸዋል፤ ምንጩ በዋናነት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህ መርዝ በማፍላትም በፓስቸራይዜሽንም አይጠፋም። መካነ ሰላም ውስጥ ዲቃላ ላም ገዝቶ ፋጉሎ መመገብ የጀመረ ሰው ወተቱን ከማፍላት ሌላ መኖውን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥና የሻገተውን መጣል ይኖርበታል።