ማዕዘንን በእጅ ማወቅ

በአውሮጳ ጂኦሜትሪ የተባለው ጥበብ የኤውክሊድስን መጽሐፍ ለሚያጠኑ ጎልማሶች ብቻ ተጠብቆ ይኖር ስለ ነበረ፣ ሕፃን ልጅ የቤቱን ጥግና የጣሪያውን ሹል ጫፍ ዕለት ዕለት እያየ፣ ማዕዘን ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያድግ ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ ከደከሙት አንዱ የስዊሱ መምህር ፔስታሎዚ ሲሆን፣ የዕውቀት ሁሉ ጥንቱ አይቶ ማስተዋል ነው ብሎ ስላመነ፣ በቡርግዶርፍ ግንብ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆቹ ጽሕፈት ከመማራቸው አስቀድሞ አግድም መስመርንና የቆመ መስመርን እንዲሥሉ፣ ሁለቱ በተጋጠሙበትም ቀጤ ማዕዘንን አይተው ከእርሱ የጠበበውን ሹል፣ የሰፋውን ዝርጥ ብለው እንዲለዩ አደረገ። ይኸው ሥርዓት፣ ቀድሞ መጽሐፍ ጠራዥ በነበረው በረዳቱ በክሪስቶፍ ቡስ ትጋት ጭምር ተሰናድቶ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ።

ዐይን ብቻውን ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አይበቃም፤ ሕፃን የማዕዘንን ታላቅነት በመስመሮቹ ርዝመት መገመት ይቀናዋልና። ይህን ስሕተት የሚያርም መሣሪያ የተገኘው ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. በኢቨርዶን ከፔስታሎዚ ዘንድ ከተቀመጠው፣ በኋላም በበርሊን የማዕድናትን ቅርጽ ካጠናው ከጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ፍሮቤል ነው። እርሱና ደቀ መዛሙርቱ ለሕፃናት ካዘጋጁአቸው መጫወቻዎች መካከል የአራት ማዕዘንና የልዩ ልዩ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ስስ የእንጨት ገበታዎች ነበሩ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑት ሦስት ማዕዘኖች አራቱን ገጣጥሞ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን የሠራ ልጅ፣ አምስተኛውን አንሥቶ በትልቁ ጫፍ ላይ ቢደርበው፣ ጎኑ እጥፍ ሆኖ ሳለ ማዕዘኑ ቅንጣት እንዳልጨመረ በጣቱ ዳሶ ያውቃል። ደግሞ ስድስቱን በአንድ ነጥብ ዙሪያ ጫፍ ለጫፍ ቢያገናኛቸው ክበቡ ያለ ክፍተት ይገጥማል፤ ከአራት ማዕዘኖቹ ግን አራት ብቻ ይበቁታል፤ እንግዲህ የቱ ማዕዘን እንደሚሰፋ መምህር ሊነግረው አያስፈልግም። ስለ ዲግሪ አንዳች ሳይሰማ ማዕዘንን ከማዕዘን አመዛዝኗልና፣ ከዚህ የላቀ የጂኦሜትሪ መግቢያ አላውቅም።

ፍሮቤል በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ የጀመረውን ሥራ ከሦስት ዓመት በኋላ ኪንደርጋርተን፣ ማለትም የሕፃናት ገነት፣ ብሎ ሰየመው። የፕሩስያ መንግሥት ግን የቄስ ልጅ የሆነውን ይህን ሰው በክሕደት ጠርጥሮ፣ በ1851 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቹን ከለከለ። ፍሮቤል በዓመቱ አረፈ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ነው።