ስለ መታጠፍ ብልጫ፤ ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21 በኦጋዴን ጦርነት ዋዜማ

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5ኢ በሚባሉ ጥቂት አሜሪካ ሠራሽ ጄቶች የሶማሊያን ሚግ-21ዎች ድል እንደ ነሣ የታወቀ ነው። እዚህ ቦንጋ በተማሪዎች መካከል ነገሩ ሲነሣ፣ አንዱ ወገን ድሉን ለአብራሪው፣ ሌላው ለአውሮፕላኑ ይሰጣል። በካፋ ሰማይ የጄት ግጥሚያ ስላልተደረገ ከአባቶቻችን ጠይቀን የምንረዳው አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱ አውሮፕላኖች በልምምድ ግጥሚያ የተፈተኑበትን ታሪክ ልንመረምር ወደድን።

አስቀድሞ መታጠፍ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚያመጣው ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሁሉ፣ ሾፌር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባውን እንደማይዞር አይቷል። የአየሩም ሕግ ያው ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ከክብደታቸው ስድስት እጥፍ ጫና ተሸክመው አግድም ቢታጠፉ፣ በሰዓት 720 ኪ.ሜ. የሚበረው የሚሠራው ክብ ከመሐል እስከ ጠርዝ 690 ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 900 ኪ.ሜ. የሚበረው ግን 1,080 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጠባቡን ክብ የያዘው ቀስ በቀስ ከባላጋራው ጅራት ኋላ ይደርሳል። ነገር ግን መታጠፍ ፍጥነትን ይበላል፤ ይልቁንም እንደ ሚግ-21 ክንፉ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነውን አውሮፕላን አብዝቶ ያደክመዋል።

በ1967 ዓ.ም. ሳይጎን ስትወድቅ የተማረከ አንድ ኤፍ-5ኢ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወሰደ፤ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ከሚግ-21ቢስ ጋር በልምምድ አጋጠሙት። ከፈታኝ አብራሪዎቹ አንዱ የነበረው ቭላዲሚር ካንዳውሮቭ እንደ መሰከረው፣ በቅርብ ግጥሚያ የተሸነፈው ሚጉ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ800 ኪ.ሜ. ሲያልፍ ሁለቱ ይተካከሉ ነበር፤ ከዚያ ሲያንስ ግን ብልጫው የኤፍ-5ኢ ሆነ። የሚያስደንቀው፣ አሜሪካኖች በዚያው ዘመን በልምምድ ውጊያ ሚግ-21ን መስሎ እንዲጫወት የመረጡት ይህንኑ ኤፍ-5ኢ መሆኑ ነው!

የሶማሊያ ሚግ-21ኤምኤፍ ከቢስ የቀደመ፣ በሞተር ኃይልም የሚያንስ ነበር። ቢስ ያልቻለውን እርሱ ይችላል ማለት አይቻልምና፣ ለአውሮፕላኑ የሚሟገተው ወገን ማስረጃ አለው።

ሆኖም በእኛ አስተያየት ክርክሩ በዚህ አያበቃም። ሚጉ በፍጥነት ገብቶ፣ ተኩሶ፣ ሳይታጠፍ ሽቅብ ቢወጣ የኤፍ-5ኢ ብልጫ ከንቱ ይሆን ነበር። ባላጋራን ወደ ዝግተኛው የኩርባ ግጥሚያ ስቦ ማስገባት የአብራሪው ጥበብ ነው። ዋጋውንም የከፈለው ሰው ነው፤ በርካታ ሚጎችን እንደ ጣሉ የሚነገርላቸው ለገሠ ተፈራ፣ አውሮፕላናቸው ተመቶ ተማርከው እስከ 1980 ዓ.ም. በሶማሊያ እስር ቤት ኖረዋል።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ከሶቪየቶች ጋር የነበራትን ውል አፈረሰች። ሶቪየቶችም ለኢትዮጵያ ሚግ-21 ሰጡ፤ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ያሳድዱት የነበረውን አውሮፕላን ራሳቸው ያበሩት ጀመር።