ስለ ድሪቶ ጥበብና ስለ ቁራጭ ጨርቅ ልውውጥ

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ፊቱን በማሳመር፣ በመካከሉ ባዘቶ በማስተኛት፣ ከሥሩም ገበር በመዘርጋት ሦስቱን በአንድ መርፌ የሚያስተሳስረው የድሪቶ ብርድ ልብስ ሥራ፣ በሰሜን አሜሪካ ሴቶች ዘንድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ጥበበ እድ ነው፤ ስለ አመጣጡ የሚተረከው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይልቅ ለጆሮ የሚጥመውን ይከተላል። የተለመደው ትረካ አንዲት ድኻ ገበሬ የባሏን አሮጌ ሸሚዝና የልጇን ያለቀ ቀሚስ እየቀደደች በክረምት ምሽት በኩራዝ ብርሃን ስትሰፋ ያሳየንና፣ ድሪቶ የችግር ልጅ ነው ብሎ ይደመድማል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ይህን ጥበብ ማጣት ብቻ ሳይሆን ማግኘትም አሳድጎታልና፣ ማጣትንና ማግኘትን ያገናኛቸውም ልውውጥ ነውና፣ ታሪኩን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጨርቁ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ፣ በምንስ ዋጋ እንደ ተላለፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጨርቅ መካከል ባዘቶ አስገብቶ መስፋት ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። በአቢዶስ ቁፋሮ የተገኘውና ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው፣ ዕድሜው ወደ 5,000 ዓመት የሚጠጋው የአንድ የግብፅ ንጉሥ የዝሆን ጥርስ ምስል፣ በተጠላለፈ መስመር የተሰፋ የሚመስል ካባ ደርቧል፤ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ወታደሮችም ከብረት ጥሩራቸው በታች እንዲህ ያለ ወፍራም ስፌት ይለብሱ ነበር። በ14ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ በሲሲሊያ የተሠራው፣ የትሪስታን ታሪክ የተሰፋበት የተልባ እግር ብርድ ልብስ ደግሞ ከፊሉ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ከፊሉ በፍሎረንስ በባርጄሎ ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ግን የባዘቶ ስፌት ታሪክ ናቸው እንጂ የቁርጥራጭ ታሪክ አይደሉም።

የቁርጥራጩን ታሪክ ከሕንድ ጨርቅ መጀመር ይሻላል። በ17ኛው ምዕት ዓመት አበባ የታተመበት የሕንድ የጥጥ ጨርቅ በመርከብ ወደ አውሮፓ እየገባ ገበያውን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የሐርና የሱፍ ሠሪዎች እንጀራችን ተወሰደ ብለው ስለ ጮኹ የፈረንሳይ መንግሥት ከ1686 እስከ 1759 ድረስ ጨርቁ እንዳይገባም በአገር ውስጥ እንዳይሠራም ከለከለ፤ እንግሊዝም በ1721 ባወጣችው ሕግ የታተመ የጥጥ ጨርቅ መልበስንም ለቤት ጌጥ ማዋልንም አገደች። የተከለከለ ነገር ይወደዳልና፣ ወይዛዝርቱ በእጃቸው የቀረችውን ቅዳጅ እንኳ ሳይጥሉ አበባውን ከነቅጠሉ በመቀስ ዙሪያውን እየከረከሙ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሰፉት ነበር። ስለዚህ ከቀደሙት ዘመናት ተርፈው ከምናያቸው የቁርጥራጭ ብርድ ልብሶች ብዙዎቹ የወጡት ከድኻ ጎጆ ሳይሆን ከባለጸጋ እልፍኝ ነው።

በአሜሪካም ይህ ልማድ ወደ ገበሬው ቤት የወረደው ጨርቅ በጠፋ ጊዜ ሳይሆን ጨርቅ በበዛ ጊዜ ነው። ኤሊ ዊትኒ በ1793 ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መኪና ከሠራ፣ በ1820ዎቹም በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ ታላላቅ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ የታተመ ጨርቅ ዋጋው እየረከሰ ሄዶ መካከለኛ ኑሮ ያላት ሴት ለድሪቶ ብላ አዲስ ጨርቅ ገዝታ እስከ መቁረጥ ደረሰች። ጥጡን በደቡብ የሚዘሩትና የሚለቅሙት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ስለ ነበሩ፣ የዚያ ዘመን ድሪቶ ምንም ያህል ቢያምር የእነርሱ ላብ ያልነካው ክር አለበት ለማለት ይቸግራል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ውበቱ ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ሥራውን ገልብጠው ገበሩን ያላዩ ናቸው።

ከ1840ዎቹ ጀምሮ የወዳጅነት ድሪቶ የሚባለው ልማድ ተስፋፋ። ቀድሞ የነበረው የጽሕፈት ቀለም ውሎ አድሮ ጨርቁን ይበላው ነበር፤ ጨርቅ የማይበላ፣ ሲታጠብም የማይለቅ ቀለም በገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ግን በአንድ አጥቢያ የሚኖሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው ከየቀሚሳቸው ትራፊ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ክፍል ሰፍተው፣ በመካከሉ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ስፍራ፣ አንዳንዴም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ቃል ጽፈው አንድ ላይ ማጋጠም ጀመሩ። ድሪቶው ለሙሽራ ወይም ለቄስ ሚስት ይሰጥ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ባሏን ተከትላ ወደ ምዕራብ ለምትሰደድ ሴት ነበር ስንቁ። ወደ ኦሪገን ወይም ወደ ካሊፎርኒያ የሄደ ሰው ዳግመኛ የትውልድ መንደሩን የማየት ተስፋው የመነመነ ስለ ነበር፣ ተጓዧ የእኅቷን፣ የአክስቷንና የጎረቤቷን ስም በየራሳቸው ጨርቅ ላይ ተጽፎ ማታ ማታ ትለብሰው ነበር። በባልቲሞር ከተማ ደግሞ ከ1846 እስከ 1852 ባሉት ዓመታት ይኸው ልማድ ወደ ከፍተኛ ጥበብ ተለውጦ፣ በየክፍሉ የአበባ ጉንጉን፣ የፍሬ ቅርጫት፣ ወፍና መርከብ የተሰፋባቸው ብርድ ልብሶች ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹም ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናት ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ፊቱን መግጠም አንዲት ሴት በቤቷ ብቻዋን የምትሠራው ሲሆን፣ ሦስቱን ንብርብር አንድ አድርጎ መስፋት ግን ደቦ ይጠራበት ነበር። አራት እንጨት በየማዕዘኑ ታስሮ ድሪቶው በላዩ ይወጠራል፤ ቤቱ ጠባብ ከሆነም ውጥሩ ከጣራው በገመድ ተንጠልጥሎ በምሽት ወደ ላይ ይሳባል። ሴቶቹ በአራቱ ጎን ተቀምጠው በጠመኔ የተሰመረውን እየተከተሉ፣ ጎበዟ በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ጊዜ መርፌዋን እየነከረች፣ ከጫፍ ወደ መካከል ይሰፋሉ፤ ልጃገረዶች መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ፤ አመሻሹ ላይ ወንዶቹ መጥተው እራትና ጭፈራ ይሆናል። ስፌቷ ዘርዘር የሚልባት ሴት ሳትቀየም ወደ ማዕድ ቤት ትላክ ነበር ይባላል፤ ሳትቀየም የሚለውን እኔ እጠራጠራለሁ። እያንዳንዷ ሴት ከደቦው ስትመለስ በከረጢቷ የጎረቤቷን ቅዳጅ፣ በወረቀት ላይ የተነሣ አዲስ ቅርጽ ይዛ ነበር የምትገባው፤ ቅርጾቹም በታተመ መጽሔት ከመውጣታቸው በፊት ከሰፈር ሰፈር የተዳረሱት በዚህ መንገድ ነው። ኤሊያስ ሃው በ1846 የስፌት መኪናውን ፈቃድ ካገኘ፣ አይዛክ ሲንገርም በ1851 የራሱን አሻሽሎ ካወጣና ኩባንያው በ1856 በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ከጀመረ በኋላ መግጠሙ ፈጠነ፤ ደቦው ግን ወዲያው አልቀረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልናስታውሳት የሚገባት ሴት ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ አጠገብ በባርነት ተወልዳ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነጻ ወጥታ ከባሏ ጋር በጥቂት መሬት ላይ የኖረችው ይህች ሴት፣ በ1886 በአቴንስ የጥጥ ትርኢት በተደረገ ጊዜ ብሉይንና ሐዲስን በጨርቅ ቁራጭ የሣለችበትን ብርድ ልብስ አቀረበች። በ11 ክፍል የተከፈለው ሥራዋ አዳምና ሔዋንን በገነት፣ ቃየልን አቤልን ሲገድል፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የጌታን ጥምቀት፣ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ፣ ስቅለቱን፣ ይሁዳንም ከሠላሳው ብር ጋር ያሳያል፤ የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እያየ ያደገ ሰውም ጥላ የሌላቸውን፣ ፊት ለፊት የቆሙትን፣ በየክፍላቸው የታጠሩትን ምስሎች ሲያይ ባዕድነት አይሰማውም። ትርኢቱን ያየች ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ሽጪልኝ ብትላት ፓወርስ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። በ1891 ግን ችግር ቢጸናባት ድሪቶውን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት፣ በላዩም በጆንያ ጠቅልላ በጭኗ አድርጋ፣ በበሬ ጋሪ ወደ መምህርቷ ቤት መጣች፤ 10 ዶላር ጠይቃ 5 ዶላር ተቀበለች። ከመሄዷ በፊት የእያንዳንዱን ምስል ትርጓሜ አንድ በአንድ ተናግራ መምህርቷ ጽፋ ያዘች፤ ፓወርስ ከዚያም በኋላ ሥራዋን ለማየት ብቻ ደጋግማ ትመላለስ ነበር፤ መምህርቷም ከቤቷ የሚተርፈውን ቅዳጅ ሁሉ አጠራቅምልሻለሁ ብላ ቃል በገባችላት ጊዜ በመጠኑ ተጽናናች።

ጄኒ ስሚዝን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም የሴትዮዋን ቃል ባትጽፍልን ኖሮ ዛሬ ስለ ምስሎቹ በግምት ብቻ በተናገርን ነበር። ያም ሆኖ ያ ልውውጥ የእኩዮች ልውውጥ አልነበረም፤ አንደኛዋ የአእምሮዋን ፍሬ ሰጥታ በምትኩ ቅዳጅ ተስፋ የተደረገላት ነበረች። ፓወርስ ከ1895 እስከ 1898 በሠራችው ሁለተኛ ድሪቶ ላይ ደግሞ በ15 ክፍሎች ከዮናስና ከኢዮብ ጎን በ1780 ፀሐይ በቀን የጨለመችበትን ዕለት፣ በኅዳር 1833 ከዋክብት እንደ ዝናብ የረገፉበትን ሌሊት፣ በ1895 የደረሰውን ታላቅ ብርድ፣ ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል ሮጠች የተባለችውን ዐሣማ ሳይቀር ሥላለች። የከዋክብቱ መርገፍ የሆነው እርሷ ከመወለዷ አራት ዓመት በፊት ነበርና፣ ሌሎች በቃል ያቆዩትን ነው በመርፌ ያጸናችው። ፊተኛው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም፣ ሁለተኛው በቦስተን በሥነ ጥበብ ሙዚየም ይጠበቃሉ፤ ጎን ለጎን ለሕዝብ የታዩት በ2021 ቦስተን ውስጥ ነው። ድሪቶ በገመድ ላይ እየተሰጣ ለሚያመልጡ ባሮች የመንገድ ምልክት ይሆን ነበር የሚለው፣ በ1999 በወጣ መጽሐፍ ምክንያት በብዙ ሰው አፍ የገባው ወሬ ግን የታሪክ ሊቃውንት ማስረጃ ያላገኙለት ነው፤ ፓወርስን የመሰለ የተረጋገጠ ታሪክ እያለ በዚያ መድከም አያሻም።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ማጣት በተራው መጣ። የዱቄትና የዶሮ መኖ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን በጥጥ ከረጢት ይሸጡ ነበርና፣ ሴቶቹ የፋብሪካውን ማኅተም በሳሙና አስለቅቀው ከረጢቱን ልብስ ማድረጋቸውን ነጋዴዎቹ ባዩ ጊዜ አበባና መስመር ያተሙበት ጀመር። ለአንድ ቀሚስ ወደ ሦስት የሚሆን ተመሳሳይ ከረጢት ስለሚያስፈልግ ጎረቤታሞች ይለዋወጡት ነበር፤ ባልም ለመኖ ሲላክ ቁራጭ ናሙና በኪሱ ተጨምሮለት ነበር የሚሄደው። በዚያው ዘመን፣ በ1933፣ ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት ከቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ጋር አያይዞ ባወጣው የድሪቶ ውድድር ላይ ከ24,000 የማያንሱ ብርድ ልብሶች ቀረቡ። አሸናፊዋ ከኬንታኪ የመጣችው ማርጋሬት ኬደን ነበረች፤ ድሪቶውም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። በኋላ የጥናት ሰዎች ሲመረምሩት ግን ኬደን አንዲት ስፌት እንኳ አልሰፋችበትም ነበር፤ የሠሩት በትንሽ ክፍያ የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ እነርሱም በዚያ የሥራ እጦት ዘመን ሥራችን ይቀርብናል ብለው ዝም አሉ። ድሪቶው ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

በአላባማ ግዛት፣ ወንዙ በሦስት ወገን ከብቦ በሚያጥፈው ጂስ ቤንድ በተባለ ስፍራ የሚኖሩት የቀድሞ ባሮች ልጆች ግን የሰፉት ለሽልማት አልነበረም። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በ1845 እርሻውን ከነሰዎቹ በያዘው ጌታ ስም፣ ፔትዌይ ተብለው ነው። በ1932 ያበድራቸው የነበረ ነጋዴ ሲሞት ወራሾቹ ስለ ዕዳው ከብታቸውን፣ የእርሻ መሣሪያቸውንና እህላቸውን ጠራርገው ወሰዱባቸው። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ በሞተባት ጊዜ የእርሻ ልብሶቹን ሰብስባ፣ ጉልበቱ የሳሳውን ሱሪና ፀሐይ ያነጣውን ሸሚዝ ቀድዳ፣ ከሥሩ ተሸፍና እርሱን ለማስታወስ ድሪቶ ሠራች፤ የኪሱ ቦታ ጨርቁ ፀሐይ ሳያገኘው በመቅረቱ ጠቆር ብሎ የሚታይበት እንዲህ ያለ የሥራ ልብስ በዚያ መንደር የተለመደ ነው። ፍራንሲስ ዋልተር በተባለ ቄስ አነሣሽነት በ1966 የተቋቋመው የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ድሪቶ በኒው ዮርክ ጨረታ ሲያሸጥ ቆይቶ፣ በ1972 ለሲርስ የትራስ ልብስ መስፋት ሲጀምር ከዚያ የተረፈው መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ በየቤቱ እየተከፋፈለ ለአዲስ ድሪቶ ዋለ። በ2002 ሥራዎቹ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ታይተው የአገሩን የሥነ ጥበብ ሰዎች አስደነቁ፤ በ2006 በፖስታ ቴምብር ታተሙ፤ በ2007 ግን አንዳንድ ሰፊዎች ድርሻችን አልደረሰንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ።

በዘመናችን ድሪቶን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሰፉ ሰዎች ልውውጡን በፖስታ አድርገውታል። አስተባባሪዋ መጠኑን ትወስናለች፤ ብዙ ጊዜ ከስፌት በኋላ 12 ኢንች እንዲሆን 12 ተኩል ኢንች ተደርጎ ይቆረጣል፤ አባላቱ በተወሰነው ቀን የተስማሙበትን ያህል ክፍል ልከው በምትኩ የሌሎቹን ይቀበላሉ። ከዚህ ልማዳቸው ከሁሉ የምወድላቸው ሥራው ሲያልቅ በገበሩ ጥግ ትንሽ ጨርቅ ሰፍተው የሠሪዋን ስም፣ ዓመቱን፣ ስፍራውንና የተሠራለትን ሰው መጻፋቸው ነው። ከእናቱ ወይም ከአያቱ የቀረ ጥልፍ፣ የትራስ ልብስ ወይም ድሪቶ በሣጥኑ ያለው አንባቢ፣ የሰፋችውን ሴት የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ እንዲሁ ያድርግ፤ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ፣ መርፌና የማይለቅ ቀለም ይበቃል።